ከጎማው ጀርባ የቀረ ጨው

ባለፈው ቅዳሜ ተራራውን ተሻግሬ ስመለስ ከመኪናዬ የኋላ ጎማ በላይ ነጭ ነገር ደርቆ አየሁ። በጣቴ ፈቅፈቅ አድርጌ ምላሴ ላይ አደረግኩት። አትሳቂብኝ። ጨው ነበር። ምላሴ ላይ ሲሟሟ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የአባቴ እርጥብ ስፖንጅ፣ ሲያትል ዳር ሾርላይን ያለው ጋራዣችን፣ ሁሉም ግር ብሎ መጣብኝ።

አባቴ ያኔ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። እሱና ያቺ ብርማ ቶዮታው ሌላ ነገር ናቸው። የሲያትል ሰው «ዝናቡ ያጥበዋል» ብሎ መኪናውን ክረምቱን ሙሉ ይተወዋል፤ መጋቢት ሲመጣ በመስኮቱ ጎማ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበት ታዪያለሽ። አባቴ በዚህ ይናደዳል። «ዝናብ ያረጥባል እንጂ መቼ ያጥባል!» ይላል። ብርዱ ሳይገባ ሰም ይቀባታል፣ የበሮቹን ጎማ በረዶ እንዳያጣብቀው ቅባት ይወለውለዋል፣ መስኮቶቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈቀፍቃል። የእኔ ሥራ ባልዲዎቹ ነበሩ። አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ስፖንጁ የሚታለቀለቅበት። የሰሙ ሽታና ኮፈኑ ላይ እየተንከባለለ የሚወርደው ውኃ እስካሁን ከልቤ አልወጣም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። አባቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ በጠዋት እየወጣ፣ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ውጭ አጥቦ መመለስ ጀመረ። ያውም በሳንቲም ከሚሠራው ማጠቢያ! የዚያን ቦታ ብሩሽ «የአሸዋ መጥረጊያ» እያለ የሚሰድብ ሰው!

«ኤርፖርት ሥራ በዛ፤ እዚያው አጠብኳት፤ ኦኬ?» አለኝ።

እናቴ አመነችው። እኔ አላመንኩም። ጠርጣራነቴን ያወረሰችኝ ደግሞ ራሷ እናቴ ናት፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፏ አይጠፋም ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሱ ቤት ሲገባ ጠብቄ ጋራዡ ውስጥ ተንበረከክኩ። በስልኬ መብራት ከጎማው ጀርባ አየሁ። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ ግን ነጭ ነገር ተጋግሯል። ቀመስኩት። እኛ ሰፈር ገና በረዶ አልጣለም። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ ጨው የሚበትኑት ተራራው ላይ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ጨው ነው።»

«ኤርፖርት መንገድ ላይ በትነው ይሆናላ» አለና የውኃውን ቱቦ ከእጄ ወሰደ። ዓይኔን አላየኝም። አባቴ ውሸት አይችልበትም፤ ልብሱ የጠበበው ሰው ነው የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። የመኪናዋን ማይል አርብ ማታ መዳፌ ላይ እጽፍና ቅዳሜ አመሳክራለሁ። ኤርፖርት ደርሶ መልስ ሃምሳ አይሞላም፤ እሷ ወደ ሦስት መቶ ትቆጥራለች። እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ናቲንግ» ብዬ በሬን እዘጋለሁ። ሌላ ቤት አለው፣ ሌላ ልጅ አለው እያልኩ ፊት ሁሉ ሣልኩለት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

በታኅሣሥ ምንጣፎቹን ላራግፍ ስጎትት ከፊተኛው ወንበር ሥር ትንሽ ነጭ ቋጠሮ ወደቀች። በሰማያዊ ክር የታሰረች የጥቁር አዝሙድ ቋጠሮ። አንስቼ አሸተትኳት። የማን እንደሆነች ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የክርስትና እናቴ ናት። ብርድ ሲመጣ አፍንጫዋ ይታፈናል፤ በፈረንጅ መድኃኒት አታምንም፤ ጥቁር አዝሙዷን በዚያ ሰማያዊ ክር አስራ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ታሸታለች። ባሏ ሞቶባታል። አንድ ልጇ በዚያው መከር ካሊፎርኒያ ኮሌጅ ገባ ተብሎ ሁላችንም «እንኳን ደስ አለሽ» ብለናታል። በሰማንያ ቀኔ ያነሳችኝ እሷ ናት፣ ጸጉሬን የሠራችኝ እሷ ናት።

የአበልጅን ነገር መቼም ታውቂያለሽ። ለአባቴ ከሥጋ እህት በላይ ናት። እንዲህ ያለ ነገር በአበልጅ ማሰቡ ራሱ ኃጢአት ነው። እኔ ግን አሰብኩት። አስቤም አልቀረሁ።

ቋጠሮዋን ሳምንት ሙሉ በጃኬቴ ኪስ ይዤ ዞርኩ። የማርያም ማኅበር ተራ እኛ ጋ የደረሰ ዕለት፣ እናቴ ድፎውን እየቆረጠች ሳለ አወጣሁላት። የተገኘችበትን፣ ማይሉን፣ ጨውን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እናቴ ቢላውን አስቀመጠች። አሸተተችው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ቋጠሮውን ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ሳሎኑ ሙሉ ነበር። እናቴ ከክርስትና እናቴ ፊት ቆመችና ቋጠሮዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አበልጅ፣ ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«ውይ! የት አገኘሽልኝ? ስንቴ ፈለግኳት መሰለሽ!»

«ባሌ መኪና ውስጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሌ ጋር የት ነው የምትሄጂው?»

የክርስትና እናቴ እጇ ቋጠሮዋ ላይ እንዳለ ቀረ። እናቴ ወደ አባቴ ዞረች።

«ተናገር እንጂ!»

«የምናገረው የለኝም» አለ አባቴ መሬት መሬት እያየ።

ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ በዚያች ደቂቃ አባቴን ጠላሁት።

የክርስትና እናቴ ግን ትክ ብላ ስታየው ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«አበልጄን አትንኪብኝ» አለች። «ልጄ ካሊፎርኒያ አይደለም። ከተራራው ማዶ እስር ቤት ነው ያለው። በበረዶ መንዳት አልችል፣ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ለሚስትህም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል ብዬ በማርያም ያስማልኩት እኔ ነኝ። ገመናዬን ነው የሸፈነልኝ።»

አንዷ «በሞትኩት!» አለች። እናቴ ደርቃ ቀረች፤ የክርስትና እናቴ በሩን ከፍታ ወጣች። አባቴ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ተከተላት፤ ብቻውን ተመለሰ። በመስኮት አየኋት፤ በዝናቡ አውቶብስ ፌርማታው ላይ ቆማ ነበር። ቋጠሮዋ ጠረጴዛው ላይ ቀርታለች።

በማግሥቱ አባቴ ጠራኝ። ሁለቱን ባልዲዎች ሞልቶ ነበር። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ምናለ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቂኝ?» አለ።

«ጠይቄህ ነበር እኮ። ጨው ነው ብዬህ።»

ስፖንጁን ጨመቀ። «ጠይቀሽኛል፤ ዋሽቼሻለሁ። ሰው አምኖ ያስቀመጠብሽን ገመና ታዲያ እንዴት ትሸፍኚዋለሽ?» ያን ቀን መኪናዋን ያለ ወሬ አጠብን።

የክርስትና እናቴ ወደ ማኅበሩም ወደ ቤተ ክርስቲያኑም አልተመለሰችም። ስልኳን ቀየረች፤ ልጇ አጠገብ ልትሆን ተራራውን ተሻግራ ሄደች አሉ። እናቴ ይቅርታ የምትጠይቅበትን በር አጣች፤ ስሟ ሲነሣ እስከ ዛሬ ክፍሉን ለቅቃ ትወጣለች። ቋጠሮዋን እኔ ደብቄ አስቀመጥኳት።

አድራሻዋን ያገኘሁት በዚህ ክረምት ነው። ባለፈው ቅዳሜ የሄድኩት እሷ ጋ ነበር። በሩን ስትከፍት አጥራብኛለች፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። ልጇ ከተፈታ ቆይቷል፤ ሥራ ላይ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ቋጠሮዋን ሰጠኋት። አሸተተቻት።

«ሽታዋ እኮ ጠፍቷል፣ አንቺ!» ብላ ሳቀች። ግንባሬን ሳመችኝ። ስወጣ ግን እጄን ያዘችኝ፤ «እኔ ጋ እንደመጣሽ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ትሸማቀቅብኛለች።»

እሺ አልኳት።

ሾርላይን ደርሼ የወላጆቼ ደጅ ፓርክ አድርጌ ነው እንግዲህ ያን ጨው የቀመስኩት። ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«መኪናሽን ምን ነካው? የት ሄደሽ ነበር?»

አባቴ ከጋራዡ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ኤርፖርት መንገድ ላይ በትነው ይሆናላ» አላት።

እናቴ ብርዱን እያማረረች ገባች። እሱ ሁለቱን ባልዲዎች ይዞ መጣ፤ ጉልበቱን እያመመው ተንበረከከ።

«ደህና ናት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ደህና ናት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ ቱቦውን ከጎማው ጀርባ አስገብቶ ያጥብ ጀመር። ጨዉ ከለቀቀ በኋላም ቱቦውን አላወጣውም።