ለእሳት የተተኮሰ ጥይት

የእሳት አደጋ መኪና የሚባለውን ነገር የማውቀው በቴሌቪዥን ነው። ቡሬ ላይ እሳት ሲነሣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚልከው የውኃ ቦቴውን ነው፤ እሱም ሾፌሩ ከተገኘና ነዳጅ ካለው። እኛ ሰፈር ግን ድሮም ቦቴ ጠብቀን አናውቅም። የእኛ እሳት አደጋ ጥይት ነበር። ቤቱ የተያያዘበት ሰው ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ የሰማ ሁሉ መጥረቢያውን፣ እርጥብ ጆንያውን፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ይዞ ይደርሳል። የተጣላም ሰው ይመጣ ነበር። ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን ጎተራ ሲቃጠል፣ በድንበር ሲካሰሰው የኖረው ሰው ቆርቆሮውን በባዶ እጁ ሲገነጥልለት አይቻለሁ።

ይህ ጦርነቱ ሳይመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥይት ሲሰማ የሚደረገውን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ በር ቀርቅሮ ወለል ላይ መተኛት ነው። ማን ተኮሰ፣ ለምን ተኮሰ ብሎ ብቅ የሚል የለም። ብቅ ብለው የቀሩትን ቀብረናል።

አጎታችን ግን ይህ አልገባቸውም፤ ወይም ሊገባቸው አልፈለጉም። የቀበሌ ጥበቃ ሆነው ያረጁ፣ ጠመንጃቸውን ኮርኒስ ላይ ደብቀው ያቆዩ፣ ግትር ሰው ናቸው። እኔና ታናሽ እኅቴን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፤ የምንኖረውም እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እኅቴ ወባ ጥሏት ተኝታ ነበር። መድኃኒት ገዝቼ ስመለስ ተኩስ ሰማሁ። መንገዱ ላይ የነበርነው ሁሉ ቦይ ውስጥ ገባን፤ አንዲት ሴት እላዬ ላይ ወድቃ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ቀና ስል በእኛ ቤት በኩል ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሴትዮዋን ገፍትሬ ሮጥሁ።

ማድ ቤቱ ነድዶ አልቋል፤ ነፋሱ እሳቱን ወደ መኖሪያው ቤት ጥሎት ጣሪያው ሥር ያለው እንጨት ይንጣጣል። አጎታችን ግቢው መካከል ቆመው ይተኩሳሉ።

«ልጅቱስ?» አልኋቸው።

«ካንች ጋር ሐኪም ቤት አይደለችም እንዴ?»

በሩን ገፋሁት። ስወጣ ገርበብ አድርጌው የሄድሁት በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። በትከሻዬ መታሁት፣ በድንጋይ መታሁት፤ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ነው፣ ለሽፍታ ብለው ያሠሩት። መስኮቱም ፍርግርግ ብረት አለው። ስሟን እየጠራሁ ስጮህ አጎታችን ከኋላዬ ደግመው ተኮሱ።

«ሰው ይምጣልን!» ይላሉ። «ምን ሆኖ ነው ሰው የማይመጣው?»

አንድ በር አልተከፈተም። ከግቢያችን ማዶ ያለው አናጢ መጥረቢያም ዲጂኖም እንዳለው አውቃለሁ። እሱም በሩን ዘግቶ ወለል ላይ ተኝቷል። በተኮሱ ቁጥር ሰፈሩ ይብሱን ጸጥ ይላል፤ ሰፈሩ ጸጥ ባለ ቁጥር እሳቸው ይተኩሳሉ። ያን ጊዜ ያበደ ቁጣ ያዘኝ። ጠመንጃው ላይ ተንጠለጠልሁ። አልለቅም ሲሉኝ እጃቸውን ነከስኋቸው፤ ደማቸውን አፌ ውስጥ ቀመስሁት።

«አንተ! ተው! ሰዉን እያስደበቅኸው ነው!»

በዕድሜዬ አጎቴን አንተ ያልኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። በሰደፉ ደረቴን መቱኝና ወደቅሁ፤ ጠመንጃው ግን እኔ ጋር ቀረ። እዚያው አፈር ላይ ሆኜ «እሳት ነው! እሳት ነው እንጂ ሌላ አይደለም! ድረሱልን!» እያልሁ ጮህሁ። አጎታችንም ገብቷቸው ከእኔ ጋር ጮሁ። መጀመሪያ አናጢው ወጣ፤ ከዚያ መንደሩ ባንዴ ግልብጥ አለ። ማንንም አልወቅስም እላለሁ፤ ግን እወቅሳለሁ።

አናጢው በሩን በመጥረቢያ ፈለጠው። ጭሱ ሰውን ሁሉ ወደ ኋላ ሲመልስ አጎታችን ጋቢያቸውን ውኃ ነክረው ተከናንበው ገቡ። አልጋው ላይ የለችም ብለው ሲጮሁ ተሰማን። እኔ ለአንዲት ቅጽበት፣ ወጥታለች፣ ተርፋለች ብዬ ደስ አለኝ።

በእግሯ ጎትተው አወጧት። ክንዷን ሲይዙት ቆዳዋ እጃቸው ላይ ቀረ። እስትንፋስ አልነበራትም።

ሴቶቹ ሲያለቅሱ፣ ወንዶቹ የቀረውን ጣሪያ ሲያፈርሱ፣ እሳቸው መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። አናጢው፣ በቅንነት ነው መቼም፣ «የት አገኟት?» አላቸው።

«አልጋው ሥር» አሉ። «ብርድ ልብሱን ራሷ ላይ ጠቅልላ፣ በሆዷ ተኝታ።»

ሁላችንም እንዲያ የምንተኛው መቼ እንደሆነ እናውቃለን። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

«ከእሳቱ አይደለም» አሉ አጎታችን። «የተደበቀችው ከእኔ ነው።»

አይደለም አላልኋቸውም።