እህቴ ስም ያወጣችለት ላፕቶፕ

ላፕቶፑን የገዛሁት እህቴ እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንዳትሄድ ብዬ ነበር። አረብ አገር ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እሷ ያኔ ደብረ ታቦር ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር መማር ጀምራ ነበርና በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር «እታለም፣ የራሴ ማሽን ቢኖረኝ ከክፍላችን ልጅ ማንም አይበልጠኝም» ትለኝ ነበር። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ ላፕቶፕ መረጥኩ። ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ አገሯ ከምትገባ የእብናት ልጅ ጋር፣ በሁለት ብርድ ልብስ መሀል ጠቅልዬ ላክሁላት። ቁልፎቹ ላይ ዐረብኛም ተጽፎባቸው ነበር። «ምን ችግር አለው፣ ሁለት ቋንቋ ተማርኩበት ማለት ነው» ብላ ሳቀች።

ማሽኑ ግን ዕድሜው የገፋ ስለነበር እስኪከፈት ያሰለቻል። መምህሯ ሊነክስ የሚባለው ሲስተም ለደከመ ማሽን እንደሚቀል ሲነግራት፣ የነበረውን አጥፍታ ራሷ ጫነችበት። ሁለት ቀን ፈጀባት። ሲሳካላት ደውላልኝ አለቀሰች። እኔ የምን ልቅሶ እንደሆነ ስላልገባኝ እናታችን የሞተች መስሎኝ እጄ ላይ የነበረውን ሳህን ጣልኩት።

ነሐሴ ላይ ተመልሼ መናኸሪያ ስወርድ የተቀበለችኝ እሷ ናት። ስምንተኛ ክፍል ትቻት የሄድኩት ልጅ በቁመት በልጣኝ ቆማለች። ሻንጣዬን ነጥቃኝ ከፊት ከፊቴ ስትሄድ አረማመዷን አየሁና ሌላ ሰው መሰለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ ውስጥ ያየሁት ፊቷን ብቻ ነው፤ ስትራመድ አይቻት አላውቅም ነበር።

አንዲት ክፍል ተከራይተን ዘጠኝ ወር አብረን ኖርን። በሕይወቴ እንደዚያ ዘጠኝ ወር የምናፍቀው ጊዜ የለም። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ትፈልጋለች። ጠዋት ወጥታ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ አንብባ ትመለሳለች፤ ከሰዓት በኋላ እኔን መተየብ ታስተምረኛለች። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ላፕቶፑን በርጩማ ላይ እናደርገዋለን። ጣቶቼ በበረኪና የተላጡ፣ የደነደኑ ናቸው። ቁልፉን ጠብቅ አድርጌ ስመታው፣ «ቀስ በይ እታለም፣ በርበሬ እኮ አይደለም የምትወቅጪው!» ትለኛለች። ትከሻዋ ትከሻዬን ሲነካው ይሰማኛል። ያን ያህል ዓመት የሰው ልጆች ስታቀፍና ሳዝል ኖሬ፣ የራሴን ሰው ትከሻ የነካሁት ግን ያኔ ነው።

የእናታችን ጉልበት ሲብስባት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድናት። እናታችን የምትኖረው ጋፋት አጠገብ፣ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ያህል ከሚያስኬድ ሰፈር ነው። ሐሙሲት ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ባገኘነው መኪና ሄደን ሦስት ቀን ሰነበትን። በሁለተኛው ቀን እናቴ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቷ ተቀምጣ፣ አንዳችንን በግራ አንዳችንን በቀኝ ክንዳችንን ይዛ «ተመስገን፣ ሁለታችሁም እዚህ ናችሁ» አለች። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። እኛም እጃችንን ሳናስለቅቅ ቆየን።

ከዚያ በተመለስን ማግስት እህቴ ላፕቶፑን ከፍታ ጠራችኝ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት እያሳየችኝ «ማሽን ሁሉ ከሌላ ማሽን ጋር ሲገናኝ የሚታወቅበት ስም አለው። ይኼ እስከ ዛሬ ስም አልወጣለትም ነበር» አለች። በላቲን ፊደል ወንዛዬ ብላ ጻፈች። አጥፍታ ስታበራው ስሙ ከመስመሩ ራስ ላይ ቁጭ ብሎ ታየ። ሁለታችንም አጨበጨብን።

ከሁለት ወር በኋላ ፓስፖርት አውጥታ በርጩማው ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ያየሁትን ሁሉ ነግሬሽ የለም ወይ?» አልኳት።

«ነግረሽኛል። ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስሜን ስፈልግ ዓይኔ ፈዘዘ፣ እታለም።»

«ታዲያ ላፕቶፑን ለምን ላክሁልሽ?»

«እንግዲህ አንቺ ሥሪበት» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። እኔ ሄጄ እሷን አትሂጂ የምልበት አፍ አልነበረኝም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ በመስኮት እጇን አውጥታ በጣቶቿ አየር ላይ የምትተይብ መሰለች፤ ልታስቀኝ ነው። አልሳቅኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሷ ከሄደች በኋላ እውነትም ያስተማረችኝ እንጀራ ሆነኝ። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ማሠልጠኛ የጽሕፈት ሥራ አገኘሁ። የቢሮው ኮምፒውተር ስለተበላሸ በራሴ ላፕቶፕ ነበር የምሠራው። መጀመሪያ ሰላም ነበር። በኋላ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ሲገባ፣ ጽሑፎቹን ሁሉ በኔትወርክ እንድልክ ታዘዝኩ። ችግሩ የመጣው ያን ቀን ነው። ቤቴ በስልኬ ኢንተርኔት ሳገናኘው ምንም አይሆንም። ቢሮ ከኔትወርኩ ጋር ሲገናኝ ግን፣ ቀድሞ የተከፈተው ጽሑፍ ይሠራል፣ አዲስ ልክፈት ስል እምቢ ይለኛል። ብጫን ብጫን ዝም። አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል፤ ኔትወርኩን ሲይዝ መልሶ ያው ነው። አንድ ሳምንት እንዲህ እያጠፋሁ እያበራሁ ሥራዬ ተከመረ።

የማሠልጠኛው የኔትወርክ ባለሙያ ጠና ያሉ፣ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡና ጥቁሩን መስኮት ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ የዚህ ማሽን ስም ማን ነው?»

«ወንዛዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እዚህ ግን ሌላ ይላል። ነይ እዪ።»

አየሁ። የእህቴ ጽሑፍ ከነበረበት ቦታ በላቲን ፊደል «ሠልጣኝ 23» የሚል ተቀምጧል። ነገሩን ረጋ ብለው አስረዱኝ። የእኛ ኔትወርክ ለሚገናኘው ማሽን ሁሉ አድራሻ ሲሰጥ ስምም አብሮ ይልካል። የራሱ የጸና ስም ያለው ማሽን የተላከለትን አይቀበለውም። የሌለው የተሰጠውን ይይዛል። «ያንቺ ሥራ ከጀመረ በኋላ መሀል ላይ ስሙ ይቀየርበታል። ከዚያ አዲስ መስኮት ልክፈት ሲል የገዛ ማሽኑ አያውቀውም፣ ‹አንተ ማነህ?› ብሎ ደጅ ያቆመዋል» አሉኝ።

«ምን ይሻለዋል?»

«እኔ ሊነክስ ላይ እጄ አጭር ነው፣ አልዋሽሽም። ጠቅላላውን አጥፍተን ሌሎቹ ላይ ያለውን ሲስተም እንጫንበት። ግማሽ ቀን አይፈጅም።»

የእህቴ የትምህርት ጽሑፎች፣ ለእኔ ያዘጋጀችው የመተየቢያ ልምምድ፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ ቢሉኝም ልቤ አልፈቀደም። «እስከ ሰኞ ይታገሡኝ፣ ጋሼ። ያስተካከለችው እህቴ ናት፣ ልጠይቃት» አልኳቸው። እሳቸውም «ግድ የለም፣ ጠይቂያት» ብለው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

እህቴ ስልክ የምትይዘው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ስትደውል ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ገና ሳልጨርስ ሳቀች።

«ወይ እኔ! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እታለም። ያኔ ስሙን መጻፍ ካለበት ቦታ አልጻፍኩትም። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ስሙ እንዲነገረው ብቻ ነው ያደረግሁት። በየጠዋቱ እንነግረዋለን እንጂ እሱ ራሱ አላጠናውም።»

ደስታዋ በድምጿ ይታወቃል። ለአንድ አፍታ አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች መሰለኝ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ተንኳኳና «እየጠሩኝ ነው፣ በድምፅ እልክልሻለሁ» ብላ ዘጋችው።

ያን ቀን እስኪመሽ አምስት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የመጀመሪያው በሹክሹክታ ነው፤ ከኋላዋ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። «እታለም፣ ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ። ሱዶ ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ሆስትኔምሲቲኤል፣ ሳትለያዪ። ቀጥሎ ሴት፣ ሰረዝ፣ ሆስትኔም፤ ‹ስሙን አስቀምጥ› ማለት ነው። ከዚያ የእኛን ስም።» ጻፍኩ። ተቀበለኝ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ትእዛዝ በሰጠሁት ቁጥር ረጅም ጊዜ እየቆየ፣ ወንዛዬ የሚባል አላገኘሁም እያለ ያማርራል። በጽሑፍ ነገርኳት። ሁለተኛው መጣ፦ «እሱ የማሽኖች ስምና አድራሻ የሚመዘገብበት ፋይል ላይ ስላልጨመርሽው ነው። ልክ ነሽ፣ አልነገርኩሽም።» የፋይሉን ስም አንድ በአንድ እየፈደለች ነገረችኝ፤ እሱንም ጨመርኩ፤ ማማረሩን ተወ።

ሦስተኛው መልእክት ኔትወርኩ ስም እንዳይቀይርበት የሚከለክለው መስመር ነበር። እሷ መስመሩን ነግራኝ ልትደግመው ስትል ከሩቅ የሴት ድምፅ አንድ ስም ጠራ። የማላውቀው ስም ነው። ደግማ ጠራች። እህቴ ንግግሯን አቋርጣ በዐረብኛ «አቤት እመቤቴ» አለችና መልእክቱ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። እኔንም የሠራሁበት ቤት እመቤት በመጀመሪያው ቀን ስምሽ ለምላሴ ይከብዳል ብላ ሌላ አውጥታልኝ ነበር። ስድስት ዓመት በዚያ ስም ስጠራ አቤት ብያለሁ። ለእህቴ ያየሁትን ሁሉ ነግሬሻለሁ ስላት፣ ይኼን ግን አልነገርኳትም። አፍሬ።

«ማንን ነው የጠራችው?» ብዬ ጻፍኩላት።

አራተኛው መልእክት ዘግይቶ መጣ። «እኔን ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስም ነው። ልጆቹ እሷን ስለለመዱ ግራ እንዳይጋቡ ብለው ነው። ምንም አይደል፣ እታለም። የነገርኩሽን መስመር ጻፍሽው?»

ጻፍኩት። ፊደሎቹ እየተደባለቁብኝ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። አምስተኛው መልእክቷ አጥፍቼ እንዳበራው የሚነግር ነበር፤ መጨረሻ ላይ «ጎበዝ» የምትል ቃል አለችበት።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ጋሼ ቀድመውኝ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመዋል። ኔትወርኩን አስያዝኩት። ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ፤ ወንዛዬ ይላል። አዲስ ጽሑፍ ከፈትኩ፤ ተከፈተ። ሌላም ከፈትኩ። እሳቸው ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው «ምን ምን እንዳደረግሽ አንድ በአንድ ንገሪኝ» ብለው ጻፉ። «እህትሽ የት ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። ደብተሩን ዘጉት። «እኛ እዚህ ባለሙያ አጣን እንላለን» አሉና ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓርብ ስትደውል፣ ከሰላምታው በፊት በሙሉ ስሟ፣ ከነአባታችን ስም ጠራኋት።

«ምነው፣ ክፍል ውስጥ ነኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«እኔንም እዚያ በሌላ ስም ነበር የሚጠሩኝ» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«እኔም እኮ አፍሬ ነው» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዓርቡ ስትደውል እንዲያ አድርጌ እጠራታለሁ። እሷም ከነአባቴ ትጠራኛለች። ኮንትራቷ ገና ዓመት ከምናምን ይቀረዋል።

ያን ሰሞን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በጋፋት አቋራጭ እናቴ ጋ ወረድኩ። ገብሱ አሽቷል። እናቴ ደጅ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን እያሸች ጠበቀችኝ። ገና ሳልቀመጥ «ድምጿን አልላከችም?» አለችኝ። ስልኬ ላይ ያለው እነዚያ የላፕቶፑ መልእክቶች ብቻ ነበሩ። ለእሷ የተላከ እንዳልሆነ፣ የሥራ ነገር እንደሆነ ነገርኳት። «ይሁን፣ አሰሚኝ» አለች።

የመጀመሪያውን ከፈትኩላት። ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ስልኩን አስጠግታ ሰማች።

«ሱዶ ማለት ምንድን ነው?»

«ማሽኑን እንዲታዘዝ የሚያደርግ ቃል ነው፣ እማ።»

«ሴት የምትለውስ ማንን ነው?»

«እሱ እንግሊዝኛ ነው።»

«ድምጿ ቀጥኗል» አለች። «ከኋላ ውሃ ይሰማል፣ ዕቃ እያጠበች ነው። እስኪ ድገሚው።» ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜም አስደገመችኝና፣ እህቴ ቃሉን ስትፈድል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ተከተለቻት። ሁለተኛውን ልከፍትላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይ፣ ሁሉንም ዛሬ አትጨርሺብኝ» አለች። «እሱ ለሚመጣው እሁድ ይቆየኝ።»