ካሬ

ትናንት ልጄ የቤት ሥራዋን ልትሠራ ከካርቶን ካሬ ስትቆርጥና ስትለጥፍ፣ የማጣበቂያው ሽታ ይዞኝ ሱሉልታ ገባ።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህራችን ማጣበቂያና ለክተው ያዘጋጁትን ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ካርቶን አደሉንና፣ "ካሬውን ቆርጣችሁ ስታወጡ የሚቀረው ያንሳል እንጂ መልኩ ያው ነው። ደግማችሁ ብትቆርጡም ያው ነው። ወርቃማው ምጥጥን ይሉታል" አሉን። ተአምር መሰለኝ።

ቤት እንደገባሁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ መቁረጤን ቀጠልኩ። አባባ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ አናቴ ላይ ቆሙ።

"ምን እየሠራሽ ነው፣ ኢንተላ ኮ?" አሉኝ፤ በኦሮምኛ "ልጄ" ማለታቸው ነው።

"ካሬ እየቆረጥኩ። ካሬው ቢወጣም የቀረው መልኩ አይለወጥም።"

አባባ "ካሬ" የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከመምህር አይደለም። የጤፍ ማሳችንን ለመጋዘን ሊወስዱ ሜትር ይዘው ከሚመላለሱት ሰዎች ነው። ጎንበስ ብለው የመጨረሻዋን ቁራጭ፣ ከጥፍሬ የማትበልጠውን፣ መዳፋቸው ላይ አደረጉ።

"እሺ፣ መልኳ ያው ይሁን። በሬው የት ይዞራል?"

ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በዓመቱ በሬዎቹ ተሸጡ። አባባም የመጋዘኑ ዘበኛ ሆነው፣ የገዛ ማሳቸው ላይ ለሰው መኪና በር ሲከፍቱ አረጁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

"እማ፣ የቀረው መልኩ ያው ነው አይደል?" አለችኝ ልጄ።

"ያው ነው" አልኳት። በሬ ሲያርስ አይታ አታውቅም።