ዝም ብላለች ብዬ ወጣሁ

የወንድሜ ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው ከሚሴ፣ እኔ ዘንድ ሆና ነው። አዋላጅ ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። አዳዳ ትለኛለች፤ የአባቷ እህት ነኝና። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ባሌ ከፈታኝ በኋላ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ሕፃናት ጋር አንድ ዴስክ ተካፍዬ ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ደብተር ገዝቶ የላከኝ ይኸው ወንድሜ ነበር።

ልጅቱ ተፈትና ውጤት ስትጠብቅ፣ ጨፋ ሮቢት ወዳለው የአባቷ ቤት ሽማግሌ መጣ፤ እኔም ተጠራሁ። ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ፈቃዷ ይጠየቅ ተባለ። ሙሽራው በአፉ ተናግሮ ይቀበላል። እንደ እኔ ፈት ብትሆን እሷም በአፏ መናገር ነበረባት። ያላገባች ልጅ ግን ታፍራለችና፣ ዝምታዋ እሺታዋ ነው።

«እሷ ትግባ» አለ ወንድሜ ወደ እኔ እያየ። «ኪታብ የምታገላብጠው እሷ ናት።»

«ብቻ ፈተና አድርጋው እስከ መግሪብ ሶላት እንዳታስቀምጠን» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ ተሳቀ።

እህል ከሚቀመጥበት ክፍል ገባሁ። የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የጆንያውን ክር ትመዛለች። «አባትሽ ለዚህ ልጅ ሊድርሽ ነው፤ ምን ትያለሽ?» አልኋት፣ እንደሚባለው፣ አንድ ቃል ሳላዛንፍ። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለች። እንባዋ ያለ ድምፅ እየወረደ የሻሿን ጫፍ አራሰው።

አንብቤያለሁ። ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው የእፍረት ሲሆን እንደሆነ፣ ልጅ ካለቀሰች ደግሞ ለምን እንዳለቀሰች ልትጠየቅ እንደሚገባ አውቅ ነበር። ከዚያ ግቢ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢኖር ኒካሁን የሚያስሩት ሼህ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ውጭ ተቀምጠዋል፣ እንባውን አላዩም። ያየሁት እኔ ነኝ። ደብተር የገዛልኝን ሰው በሽማግሌ ፊት ማሳፈር ከበደኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ ሽማግሌዎቹ ስወጣ።

«ዝም ብላለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ፋቲሃ ተቀራ።

ውሸት አልተናገርሁም፤ ለብዙ ጊዜ በዚህ ተጽናናሁ። የምሠራው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መጻሕፍት ክፍል ነው። ገጽ የጎደለውን መጽሐፍ ሙሉ ነው ብዬ መዝግቤ አላውቅም።

ውጤቷ ከሠርጉ በኋላ መጣ፤ አልፋለች። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። ከርሞ ትማሪያለሽ ይላታል። ከርሞ ልጅ ተወለደ፣ ከዚያም ሌላ ከርሞ መጣ።

ባለፈው መኸር ወንድሜ ማሽላውን በሳህን እየዛቀ ጆንያ ውስጥ ሲያስገባ የጆንያውን አፍ ይዤለት ነበር። ድንገት አወጣሁት። «ያን ቀን ስጠይቃት እያለቀሰች ነበር።»

«ማን?»

«ልጅህ።»

ሳህኑን ከእህሉ ላይ ተወው። «ታዲያ ያኔ አትነግሪኝም?»

«ሽማግሌ ተሰብስቦ…»

«ሽማግሌማ ይመለሳል። የታላቅ እህቷን ጊዜ ሁለቴ አልመለስሁም? እኔ አንቺን ያስገባሁሽ ለምን መሰለሽ?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ሳህኑን አነሳና፣ «በይ ደህና አርገሽ ያዢው፣ እየፈሰሰ ነው» አለኝ።

ልጅቱ ሕፃኗን ለማስከተብ ከሚሴ ስትመጣ እኔ ዘንድ ታርፋለች። ያን ቀን እያሰብሁ እንደማልተኛ ታውቃለች መሰለኝ፣ እሷው ታባብለኛለች። «እምቢ ብል ኖሮስ አዳዳ፣ አባቴ ይሰማኝ ነበር ብለሽ ነው? ተይው፣ የትም አይደርስ ነበር።»

አባቷ ያለኝን እስከ ዛሬ አልነገርኋትም። ሕፃኗን ተቀብዬ አቅፌ፣ እስከ ባጃጁ እሸኛታለሁ።