አባቴ ቀብሮ ያወጣው ጥይት

የቡታጋዝ መለኮሻ “ጠቅ” ብሎ እሳት ሳይሰጥ ሲቀር እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጋዙን ዘግቼ፣ ራቅ ብዬ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም እቆማለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች። “እማዬ፣ ለቡታጋዝም ጸሎት ይደረጋል?” ትለኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ያቺን “ጠቅ” መጀመሪያ የት እንደሰማኋት ግን ነግሬያት አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተ ቢያንስ አትስቁብኝም።

ያኔ በእኛ ሰፈር፣ ከዳባት ወረድ ብሎ ባለው መስክ፣ ወንዶቹ በዳግማይ ትንሣኤ ዒላማ ይተኩሱ ነበር። ለፋሲካ ከታረደው በግ የወርቹ አጥንት ሥጋው ተግጦ ነጭ ይሆንና ከወንዙ ማዶ፣ ገደሉ ሥር፣ በእንጨት ላይ ይሰቀላል። ድግሱ በየዓመቱ በተራ ነው፤ ጠላውም ጥይቱም የተረኛው ነው። የራሱን ጥይት ይዞ የሚመጣ የለም። ይዞ ቢመጣ ሰው ቤት ተጠርቶ ስንቅ ቋጥሮ እንደመሄድ ይቆጠርበታል። ጥይት ሲከሽፍም ተኳሹ ነው ጥፋቱን የሚወስደው። “እጄ አልቀናም” ይልና ይስቃል፣ ሌላ ይሰጠዋል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የሰው ጠላ ቀጠነ ተብሎ ፊት ለፊት አይነገርም፤ የሰው ጥይትም እንደዚያው ነበር።

በዚያ ዓመት ተረኛው አባቴ ነበር። አባቴ ደግ ገበሬ ነበር፣ ግን ኩራቱ ከቁመቱ ይበልጥ ነበር። መሣሪያ በሚለቀምበት ክፉ ዘመን ጥይቱን እንስራ ውስጥ ከትቶ ጓሮ ቀብሮት ኖሮ፣ አገር ሲረጋጋ ቆፍሮ አወጣው። ሲወጣ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። የበዓሉ ሰሞን ለታላቅ ወንድሜና ለእኔ ሰጠን፤ በአመድና በሎሚ ፈትገን እንደ አዲስ አብለጨለጭነው። እጄ ዝገት ዝገት እየሸተተኝ ሰነበትኩ። በደስታ ነበር የምፈትገው፤ ከነዚያ ጥይቶች አንዷን የጊቹ ልጅ እንደሚተኩሳት አውቅ ነበራ።

የጊቹ ልጅ ያልኳችሁ የጎረቤታችን የወንድሟ ልጅ ነው። ጊች በምትባል፣ ከፍታው ላይ ዋልያው ፓርክ ውስጥ ባለች መንደር ተወልዶ፣ በዚያው ፓርክ ስካውት ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ ጠመንጃ አንግቶ ዋልያ ይጠብቃል። ለአክስቱ ገብስ በበቅሎ ጭኖ ሲመጣ ነው የተዋወቅነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እሱ “ደህና ነህ?” ሲባል እንኳ ደህና መሆን አለመሆኑን አስቦበት ነው የሚመልሰው። የእኔ አፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እሱ አንድ ቃል እስኪያወጣ እኔ ሦስት ነገር ጀምሬ እጨርሳለሁ። “ቀርፋፋ” እለዋለሁ፤ ፈገግ ይላል። እንዲህ እንዲህ ስንል ተዋደድን።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ እሺም እምቢም አላለም። “ለዳግማይ ትንሣኤ ይምጣና ከእኛ ጋር ይተኩስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን” አለ። ሽማግሌዎቹ ይህን እሺታ ነው ብለው ሄዱ። እናቴም ለጥሎሹ የሚመጣውን ቀሚስ በልቧ መስፋት ጀምራ ነበር። እኔማ ቀሚሱን ለብሼ ጨርሻለሁ።

ቀኑ ብራ ነበር። ሴቶቹ ወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠናል። የተረገጠ ሣር ይሸታል፣ ጠላ ይሸታል፤ አንድ ሰው በተኮሰ ቁጥር የባሩዱ ሽታ በነፋሱ እየመጣ አፍንጫችንን ይነካካዋል። አጥንቱን የመታ እልል ይባልለታል፤ የሳተ ይሰደባል። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ቃታውን ሲስብ “ጠቅ” አለበት። በቅጽበት ጠመንጃውን ከፍቶ ጥይቱን ሣሩ ላይ ወረወረና “እጄ አልቀናም!” ሲል ሁሉም ሳቀ። አባቴ እየሳቀ ሌላ ሰጠው።

ከዚያ የጊቹ ልጅ ተራ ደረሰ። በርከክ ብሎ አነጣጠረ። “ጠቅ” አለበት።

አልተንቀሳቀሰም። አፈሙዙን ከአጥንቱ ላይ ሳያነሳ ጣቱን ከቃታው አወጣና ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ጀመር። ኋላ ከአክስቱ እንደሰማሁት፣ ያሠለጠናቸው ሰው የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል፣ ቶሎ አትክፈቱ፣ ሰዓት የሌላችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ ብሏቸው ነበር። እኛ ይህን በምን እንወቅ! እኛ ያየነው የአንድ ጎልማሳ ሰው መርበትበት ነው።

“የጊቹ! ቅዳሴ ገባህ እንዴ?” አለ አንዱ።

“ዝም በሉ፣ ወንጌል እየተነበበ ነው!” አለ ሌላው።

መስኩ በሳቅ ተናወጠ። ወንድሜ ተነስቶ “ክፈተው እንጂ! ፈራህ?” እያለ ወደ እሱ ሄደ። እሱ ዓይኑን ከዒላማው ሳያነሳ “አትቅረብ ወንድሜ” አለው። ወንድሜ በሰው ፊት እንደተገፋ ሰው ባለበት ቆመ፤ ፊቱ ጠቆረ።

ጸሎቱ አለቀ። ጠመንጃውን ከፈተ፤ ጥይቱን አውጥቶ ቂጡን አገላብጦ አየው። በልቤ “በል፣ እጄ አልቀናም በል፣ በሞቴ በላ” እያልኩ ነበር። እሱ ተነስቶ አባቴ ወደተቀመጠበት ሄደና ጥይቱን በሁለት እጁ አቀረበለት።

“አባቴ፣ እርጥበት ገብቶበታል። የቀረውንም ባይተኩሱት ይሻላል፤ ሰው ይጎዳል።”

ሳቁ ቆመ። አባቴ ጥይቱን አልተቀበለውም።

“የኔን ጥይት ነው?”

“አዎ፣ አባቴ።”

“ከአንተ በፊት የተኮሱት በምን ተኮሱ?”

እንደልማዱ አሰበ። አስቦ አስቦ “ዕድለኞች ሆነው ነው” አለ።

አባቴ ጠላውን መሬት አስቀመጠ። “እንግዲያው ጥይቴ ካልሆነህ ልጄም አትሆንህም” አለ።

እሱ እጅ ነሳ፣ ጋቢውን አነሳ፣ ሽቅብ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ። እኔን ለማየት ዞር አላለም፤ ቢዞርም ኖሮ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬው ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ ለብዙ ሳምንት የተናደድኩት በእሱ እንጂ በአባቴ አልነበረም። ሁለት ቃል! “እጄ አልቀናም” ማለት ምን ይጎዳዋል? ስንቱ ሰው በየቀኑ የሚላትን ሁለት ቃል ብሎ ቢስቅ ኖሮ እኔ የእሱ ነበርኩ። ዛሬ ሳስበው ለእኔ ሲል እንኳ የማይዋሽ ሰው ማጣቴ ነው የሚቆጨኝ፤ ያኔ ግን እንደ ድርቅና ነበር የማየው።

ወሬው ገበያ ደረሰ። “የእነ እገሌ ጥይት ሻግቷል” ተባለ። ወንድሜ ይህን መሸከም አልቻለም። ሰኔ ገና ሳይጠና አንድ ቀን ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ከዚያው ጥይት ኪሱን ሞልቶ፣ የአባታችንን ስም ሊያጸዳ ወደ መስኩ ወረደ። እኔ ወንዙ ዳር ልብስ አጥብ ነበር። ተኮሰ፤ ፈነዳ። ደገመ፤ ፈነዳ። “የታለ የሻገተው?” እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። ቀጥሎ “ጠቅ” የሚለውን ሰማሁ። ቀና ስል እጁ ጠመንጃውን ለመክፈት ሲፈጥን አየሁት።

ድምፁ እንደ ሌላው ተኩስ አልነበረም፤ አጭርና የታፈነ ነበር። ወንድሜ ቆሞ እጁን ያየዋል። ልብሱን ጥዬ ሮጥኩ፤ በእጄ ላይ የነበረውን የእናቴን ነጠላ ጠምጥሜበት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ወጣን። ከዚያ ጎንደር ተላከ። ዓይኑን እግዜር አተረፈለት። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ግን እዚያው መስክ ቀሩ። እርፍ በግራው መጨበጥ እስኪለምድ ሁለት ክረምት ፈጀበት።

አባቴ የተረፈውን ጥይት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ድንጋይ ጭኖ፣ ቀበረው። ከጉድጓዱ ሲመለስ በር ላይ ቆሜ ነበር። “ነግሮህ ነበር” አልኩት። ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አልፎኝ ገባ። እኔም ከዚያ በኋላ ከሰላምታ የዘለለ ነገር ብዙ አላወራሁትም።

ጥር ሲገባ በቅሎውን አስጭኖ “ደባርቅ በሬ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ” ብሎ ወጣ። ቀናት ቆይቶ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ተመለሰ፤ በሬ የለ፣ ምን የለ። እናቴ “ምነው?” ስትለው “ገበያው አልቀናኝም” አላት። እኔ ለእግሩ ውሃ አቀረብኩለትና ሳላናግረው ወጣሁ። የጊቹ ልጅ ማግባቱን ከአክስቱ የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ነው። በዓመቱ እኔም ለአንድ አስተማሪ ተዳርኩ። ጥሩ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። በአባቴ ላይ የያዝኩትን ቂም ግን ባሌም ልጆቼም አላወጡልኝም። በበዓል እሄዳለሁ፣ ጉልበቱን እስማለሁ፣ ወደ ማጀት እገባለሁ። ሲሞት አላለቀስኩም። ሴቶቹ “ይቺ ልጅ ልቧ ምንድነው?” ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለለቅሶ ደባርቅ ሄጄ ስመለስ፣ መናኸሪያው በር ላይ አንድ ሽበታም ሰው በስሜ ጠራኝ። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። የጊች ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከሰፈሩ ወዲህ እዚያው እንደሚኖር እሰማ ነበር፤ ከመስኩ ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን ያ የመጀመሪያችን ነው። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች፣ ደስ የምትል ሴት ናት። ተሳሳምን። የወንድሜን እጅ ጠየቀኝ፣ የልጆቼን ቁጥር ጠየቀኝ፣ ከዚያ “አባትሽስ?” አለኝ።

“ዐርፏል፤ ቆየ።”

“ነፍሱን ይማር” አለ። ሊናገር እያሰበ መሆኑን አወቅሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ መጠበቅ ችያለሁ።

“ለሠርጌ መጥተውልኝ ነበር እኮ” አለኝ።

“ማን?”

“አባትሽ። ጊች ድረስ፣ በዚያ ብርድ። በቅሎ እየሳቡ ሲመጡ ዳሱ ውስጥ ነበርኩ። ዳሱን አዩና በር ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ገቡ፣ እንጀራ ቆረሱ፣ መረቁን። ሊሄዱ ሲሉ እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ እጄን ሳሙት።”

“እኔም አይቻለሁ” አለች ሚስቱ። “ሰክረው መስሎን ነበር።”

“አንድ ጠብታ አልጠጡም” አላት። ወደ እኔ ዞሮ “ምን ፈልገው ነበር?” አለኝ።

የሴት አባት ሽማግሌ ሳይልክ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ራሱ በቅሎ እየሳበ ልጄን ውሰድ ብሎ የወንድ ደጅ የሚሄድበት ወግ በአገራችን የለም። ምን ፈልጎ እንደሄደ ገብቶኛል። ሚስቱ በመልካም ዓይኗ ታየኛለች።

“እንጃ” አልኩት። “በዚያ በኩል ሲያልፍ ይሆናል።”

በጊች በኩል ወዴትም የሚያልፍ ሰው የለም፤ ከእኔ ይበልጥ እሱ ያውቀዋል። ብቻ አየኝና “ይሆናል” አለ። ረዳቱ “ዳባት! ዳባት!” እያለ ይጮህ ነበር። እሱ ዕቃዬን አቀበለኝ፤ ሚስቱ ጉንጬን ሳመችኝ።

ሚኒባሱ ከደባርቅ ሳይወጣ እንባዬ መጣ። ላቆመው ብሞክር ባሰብኝ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴትዮ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

“ማን ሞቶብሽ ነው እህቴ?”

“አባቴ” አልኳት።

“ውይ፣ ውይ፣ እግዜር ያጥናሽ” አለችና ትከሻዬን አቅፋ እስከ ዳባት አብራኝ አለቀሰች።