ዋኘው በአዋጅ ተወራርዶ የወሰደው መውቂያ

ዋኘው የጋይንት ሰው ነው። ለአረም ብሎ ገንዳ ውሃ ከአውቶቡስ እንደወረደ ቢያድግልኝ የሚባል የጎንደር ባለሀብት እንደ በሬ ትከሻውን ዳብሶ መረጠውና ሽንፋ አጠገብ ወዳለው እርሻው ጫነው። አረሙ አለቀ፣ ሰሊጡ ተሰበሰበ፤ ማሽላ ሲወቃ መውቂያ ማሽኑ አገዳ ጎርሶ ታነቀ። ደንቡ ሞተር አጥፍቶ ማጽዳት ነው። ቢያድግልኝ ግን ያ አሮጌ ሞተር ከጠፋ ለማስነሳት ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ያውቃልና "እየዞረ ሳበው" አለ። ዋኘው አገዳውን ሳበ፤ ማሽኑ ዋኘውን ሳበ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ እዚያው ቀረ።

ቢያድግልኝ ካሳ ሲጠየቅ "ውል ላልፈረመ የቀን ሠራተኛ ካሳ ክፈል የሚል አዋጅ ካለ አምጡልኝ" አለ። ይህን ያለው ልጁ ገና ከሐኪም ቤት አልጋ ሳይነሳ ነው። ይጻፍልኝ።

ዋኘው አገሩ አልተመለሰም። ገንዳ ውሃ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ክስ መሠረተ፤ ክሱ ከቀጠሮ ቀጠሮ ይንከባለላል። በገበያ ቀን ደግሞ እዚያው ባለው የቢያድግልኝ ቢሮ በር ላይ ቆሞ፣ የተቆረጠውን ክንዱን ገልጦ፣ የሆነውን ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። በቀረው ጊዜ ሥራው ራዲዮ ማዳመጥ ነበር። በግራ እጁ መጻፍ ተለማመደና ወደ ምክር ቤት የገባውን ረቂቅ አዋጅ ሁሉ፣ የጸደቀበትን ቀን ሳይቀር፣ በደብተር ላይ ጻፈ። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገ። ሰው "አእምሮው ተነክቷል" አለ።

ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ሰፍዋን የሚባል ነጋዴ በመተማ በኩል ሸሽቶ መጣና ገንዳ ውሃ ላይ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሱቅ ከፈተ። ፈረንጆች በስልክ የሚጫወቱት ነው ብሎ አንድ ቁማርም ጀመረ። ሰሌዳ ላይ ምክር ቤት የገባን ረቂቅ አዋጅ ስም ይጽፋል፤ ከጎኑ ቁጥር ያኖራል። ቁጥሩ የትኬቱ ዋጋ ነው፤ "ያልፋል" ባዩ ሲበዛ ይወጣል፣ ሲያንስ ይወርዳል። በሰላሳ ብር የገዛ፣ ረቂቁ ሕግ ከሆነ መቶ ብር ይወስዳል፤ ካልሆነ ባዶ እጁን ይገባል። እንግዲህ ስለ ድሃ የሚወጣው ሕግ እንኳ ለጠገቡት መጫወቻ ሆነ።

ባለፈው ሚያዝያ የወቅት እርሻ ሠራተኞች የጉዳት ካሳ ረቂቅ ምክር ቤት ገባ። ሰፍዋን ስልሳ ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ራዲዮው "ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቷል" ሲል ሱቁ በሳቅ ሞላ፤ ቁጥሩም እስከ ምሳ ሰዓት ወደ አሥራ አንድ ወረደ። አይፈረድባቸውም። በዚህ ቆላ "ጉዳይህ ለኮሚቴ ተመርቷል" የተባለ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

"ኮሚቴ የገባ ጉዳይ" አለ ከሳቂዎቹ መሀል የነበረው ቢያድግልኝ፣ "ጅብ ጉድጓድ የገባ አህያ ነው። ጆሮውም አይገኝ።"

ዋኘው ከሱቁ በር ላይ "እንግዲያው ይወራረዱኝ፣ ጌታዬ" አለው።

"በምንህ? በቀረችህ እጅ?"

"ካላለፈ ክሴን አነሳለሁ፤ ስምዎን ዳግም ሳልጠራ ጋይንት እገባለሁ። ካለፈ መውቂያዎን ይሰጡኛል።"

"ሁለት መውቂያ አለኝ። የትኛውን?"

"የበላኝን።"

ቢያድግልኝ ከዚያ የገበያ ቀን ጩኸት መገላገል አማረውና እሺ አለ። ምስክር የተቀመጡት የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ አንዱአምላክ ናቸው። ሰፍዋንም ወረቀቱን አጻፈና "ኸላስ፣ አለቀ፤ ወደኋላ የለም" አለ።

ማንም ደብተሩን አላየም። በደብተሩ ከመንግሥት የመጣ ረቂቅ ሁሉ አንድ ጊዜ ኮሚቴ ይገባል፤ ገብቶም ይወጣል። ወረዳ ላይ መቃብር የሆነው ኮሚቴ እዚያ ምክር ቤት ላይ በር ነው።

ምክር ቤቱ ለእረፍት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሰኔ ሃያ ስምንት፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሰፍዋን "እንኳን ደስ አለህ፤ ካሳህንም ትወስዳለህ" አለው።

"አልወስድም። አዋጁ ከዛሬ ወዲያ ለሚጎዳ ነው። የእኔ እጅ ቀድሞታል።"

"ታዲያ ለምን ደከምክ?"

"ለማሽኑ።"

በማግሥቱ ጠዋት ከጋሽ አንዱአምላክና ከአንድ በያጅ ጋር ሽንፋ ወረደ። አራሾቹ ትራክተር አቁመው መጡ። ቢያድግልኝ መኪናው ላይ ተደግፎ "ግምቱን ልስጥህ፤ እጥፍ አድርገህ ጥራ" አለ። ክረምቱ እንዳለቀ አጨዳ ነው፤ ሁለተኛው ማሽኑ ደግሞ ተበላሽቶ ቆሟል።

ዋኘው የሞተሩን ማኑዌላ አነሳና "ገንዘብ አልፈልግም" አለው። "ክንድህን እስከ ትከሻህ አፉ ውስጥ አስገባ። መቶ እስክቆጥር ከቆምክ ማሽኑ ያንተ ነው።"

"ሞተሩ ጠፍቷል?"

"ጠፍቷል። ማስነሻው ይኸው፣ በእኔ እጅ።"

ቢያድግልኝ እጅጌውን ሰበሰበ። እስከ አንጓው አስገባ። የማሽኑን ጥርሶች ነካ፤ ዋኘውን አየ፤ አራሾቹን አየ። አንድም የሳቀ የለም። ዋኘው ገና ሰባት ሲል እጁን መዥርጦ አወጣ።

"ጠፍቷል እኮ። ምን አስፈራህ?"

"አንተ" አለ ቢያድግልኝ።

"ማሽኑን ቁረጠው" አለው ዋኘው በያጁን።

ጋሽ አንዱአምላክ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ብትሸጠው እኮ ቤት ይሠራልህ ነበር" አሉት።

"የሚገዛው ሰው ይወቃበታል፣ ጋሼ።"

"በቀል ግን ለነፍስ አይበጅም።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ነፍስ ማን መከረው?"

ሽማግሌው ከበያጁ መንገድ ገለል አሉ። መልስ ያለው ሰው ካለ ገንዳ ውሃ ወርዶ ይንገረው። በያጁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆርጥ ዋኘው ፀሐዩ ላይ ድንጋይ ስቦ ተቀምጦ አየ። ቢያድግልኝም መስታወቱን ዘግቶ ከመኪናው ውስጥ ያይ ነበር። መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም።