ዶክተር ዘነበች እና የጋቢናው ሙቀት

መምህራችን ዶክተር ዘነበች ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ነበረች። «እማዬ አረፈች» አለችኝ። ገብቼ አስተማርኩ። ክፍል ብቀር እሳቸው ከሄዱበትም ሆነው እንደሚቆጡኝ አውቃለሁና። ከዚያ ወጥቼ አለቀስኩ።

ልደታ ሲኖሩ፣ እዚያው ሰፈር ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ ሲሠሩ ያያችኋቸው ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ሲቆጡ ደግሞ የሚያስፈሩ ነበሩ። ጎረቤት «ዶክተር፣ ለወገቤ ምን ያዙልኛል?» ሲላቸው «የእኔ ዶክተርነት መድኃኒት አያዝም» ይሉና፣ ነጠላቸውን ደርበው በሽተኛውን ራሳቸው ጤና ጣቢያ ይወስዱታል። ተራ እስኪደርሰውም አብረውት ይቀመጣሉ።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ፕሮቲን ነው፤ ኤችኤስፒ ሰባ ይባላል። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያስረዱን ነበር፦ «ሕዋስ ሙቀት ሲበዛባት ትጨነቃለች። ያኔ የዕለት ሥራዋን ትተውና አንዱን ዘረ መል ትቀሰቅሳለች። ከሱ የሚወጣው ፕሮቲን የተጣመሙትን ሌሎች ፕሮቲኖች እየደገፈ ያቃናል። ለቅሶ የገባበት ቤት ጎረቤት ሥራውን ትቶ እንደሚመጣው ማለት ነው።» ይህን የሰማ ተማሪ ለፈተና ማጥናት አያስፈልገውም ነበር።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ በነበሩት ዓመታት የማስተርስ ጥናቴን ከእሳቸው ጋር ሠራሁ። ጥያቄያችን ቀላል ነበር፦ አብነት ሰፈር ባለ አንድ ዳቦ ቤት ምድጃ አፍ ላይ የሚውሉ ጋጋሪዎች ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን ከሌላው ሰው ይበዛል ወይ? የጋጋሪዎቹ ደም ዳቦ ቤቱ ውስጥ ይቀዳና ዶክተር ዘነበች ራሳቸው በታክሲ ያመጡታል። ለማነጻጸሪያ የመረጥናቸው የቢሮ ሠራተኞች ግን ደማቸውን የሚሰጡት እዚያው ላቦራቶሪ መጥተው ነው። ውጤቱ ሲወጣ የጋጋሪዎቹ እጅግ በልጦ ተገኘና ሁላችንም ፈነደቅን። እኔን ደግሞ የመምህርነት ቦታ ይጠብቀኝ ነበር፤ በዚያ ዓመት ካልተመረቅኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ቀን ሲቃረብ ዶክተር ዘነበች አስቤዛ ይዘው ከአብነት በሚኒባስ መጡ። የሰፈራችን ታክሲ ረዳቶች ትልቅ ሰው ከኋላ አያስቀምጡም፤ «እናቴ፣ ጋቢና ይግቡ!» ብለው ከፊት ያከብራሉ። የሚኒባሱ ሞተር ያለው ደግሞ ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ላቦራቶሪ እንደገቡ ዘንቢላቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ቲማቲሙን ንኪው» አሉኝ።

«ሞቋል።»

«የጋጋሪዎቹም ደም የመጣው እዚያው እግሬ ሥር ተቀምጦ ነው። በቱቦ ያለች ሕዋስ ገና ሕያው ናት፤ ሙቀት ከነካት ፕሮቲኑን ትሠራለች። ያበዛው ምድጃው ይሁን ታክሲው አናውቅም።»

«ዶክተር፣ ይህን ማን ያውቃል? ፈታኞቹ ታክሲው ውስጥ አልነበሩም!»

«እኔ ነበርኩ» አሉ። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

ፈታኞቹ ፊት ቆመው «ደሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ እንጂ የተማሪዬ አይደለም፤ እንደገና እንሠራዋለን» አሉ። አንደኛው ፈታኝ አዝነውልኝ «ትንሽ ማስታወሻ ይጨመርበትና ትለፍ» ቢሉ፣ «እንግዲያው ያለ እኔ ፊርማ ትለፍ» አሏቸው። አላለፍኩም። ቦታውም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አኮረፍኩ። እሳቸው ግን ተክለ ሃይማኖት ያለው ቤታችን ድረስ መጥተው እናቴን «ልጅሽን ያስቀረኋት እኔ ነኝ። የእኔን የተግባር ክፍል ከሰኞ ጀምሮ እሷ ታስተምርልኝ» አሏት። እናቴም «እርስዎ ያሉት ይሁን፤ ብቻ እህል እንድትቀምስ ይንገሩልኝ» አለች። ያን ማታ በላሁ።

ሁለተኛው ሥራ የሚያስቅ ነበር። ጋጋሪዎቹንም፣ እዚያው ዳቦ ቤት ከፊት ቆመው የሚሸጡትንም ላቦራቶሪ ጠርተን ሁሉንም በአንድ ክፍል ቀዳናቸው። አንዱ ጋጋሪ «ዶክተር፣ ያኛውን ደማችንን ምን አደረጉት?» ሲላቸው፣ ሳያፍሩ «አበላሸሁት» አሉት። በመጨረሻ ልዩነቱ ከበፊቱ በጣም ያነሰ ሆነ፤ ግን አልጠፋም። «ትንሽ ናት፤ ግን እውነት ናት» ብለው ፈረሙልኝ።

እናታችን ዶክተር ዘነበች፣ ያ ቦታ ቢያመልጠኝም መምህርነትን አገኘሁ፤ ያገኘሁትም ከእርስዎ ክፍል ነው። ዛሬ ስሜ በሰፈረበት በየትኛውም ሥራ ላይ ማንም ተነሥቶ «እንዴት አወቅሽ?» ቢለኝ፣ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ። የምደብቀው የለኝም። ለዚህ የከፈልኩት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አልተወደደብኝም። እግዚአብሔር ነፍስዎን ያሳርፍልን፤ ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።